ልብ ወለድ ይዞ ወደ ጄን ኮን፦ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ፌብሩዋሪ 2024

ጠረጴዛ አገኘሁ። ኦገስት መጀመሪያ ላይ ኢንዲያናፖሊስ፣ ጄን ኮን ላይ መጽሐፌን ዘርግቼ እቀመጣለሁ። ከዛሬ ጀምሮ የምሠራውን እዚህ እየመዘገብኩ እሄዳለሁ። መጽሐፍ አሳትሞ ካርቶኑን ቁም ሣጥን ውስጥ ያስቀመጠ አበሻ ብዙ ነው። አንዱ አንብቦ "እኔም እሞክራለሁ" ቢል ደስታዬ ነው።

ጄን ኮን በሰሜን አሜሪካ ትልቁ የጠረጴዛ ጨዋታዎች ጉባኤ ነው። እዚያ ዋናው ነገር የኮምፒውተር ጌም አይደለም። ሰው ፊት ለፊት ተቀምጦ የሚጫወተው ነው፦ ቦርድ ጌም፣ ካርታ፣ ዳይስ እየጣሉ ገጸ ባሕርይ ይዘው የሚጫወቱት። ጋሪ ጋይጋክስ በ1968 ዊስኮንሲን ውስጥ ሌክ ጄኔቫ በምትባል ትንሽ ከተማ አዳራሽ ተከራይቶ ጀመረው። ያኔ የመጣው መቶ ሰው ገደማ ነበር። ከ2003 ወዲህ ኢንዲያናፖሊስ ነው የሚካሄደው። ባለፈው ዓመት ከ70 ሺህ በላይ ሰው ተገኝቷል።

ወንድሜ "መጽሐፍንና ጨዋታን ምን አገናኛቸው?" አለኝ። በደንብ ይገናኛሉ። ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን በ1974 ያወጡት፣ ገጸ ባሕርይ ይዘው የሚጫወቱት ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ የሚባል ጨዋታ ከመጽሐፍ ነው የተወለደው። ጋይጋክስ በ1979 ለጨዋታ መሪዎች፣ ማለትም ታሪኩን እየተረኩ ጨዋታውን ለሚመሩት፣ ባዘጋጀው መመሪያ መጨረሻ ላይ ያነሳሱትን ደራስያን በስም ዘርዝሯል። ያንን ዝርዝር ይዘው አሮጌ መጻሕፍት የሚያድኑ ተጫዋቾች ዛሬም አሉ። እዚያ አዳራሽ የሚመጣ ሰው ማንበብ ያውቃል፣ የማያውቀው አገር ውስጥ ገብቶ መኖርም ይወዳል። እንዲህ ያለ አንባቢ ሌላ የት ይገኛል? አዳራሹ ውስጥም ኦተርስ አቬኑ የሚባል፣ ደራስያን በረድፍ የሚቀመጡበት ቦታ አለ፤ ከሠዓሊዎቹ ጎን።

መጽሐፌ ነገሥታት የገዛ ወንድሞቻቸውንና ልጆቻቸውን ተራራ ላይ ስለሚዘጉበት አገር ነው። አገሩ ፈጠራ ነው። ሐሳቡ ግን የኛው ነው፤ ከግሸንና ከወህኒ አምባ የተቀዳ። እዚህ ተወልደው ያደጉት ልጆቻችን እንዲያነቡት በእንግሊዝኛ ጻፍኩት።

ኤፕሪል

ይህ ወር የሒሳብ ነው።

መጽሐፉ የራሱ አይኤስቢኤን፣ ማለትም የመጽሐፍ መለያ ቁጥር፣ እንዲኖረው ፈለግኩ። አሜሪካ ውስጥ የሚሸጠው ባውከር የሚባል ድርጅት ነው። አንዱ 125 ዶላር፣ አሥሩ 295 ዶላር። ከሁለት በላይ መጽሐፍ ለማሳተም የሚያስብ ሰው አሥሩን ቢገዛ ይሻለዋል። እኔም አሥሩን ገዛሁ፤ ሁለተኛው መጽሐፍ ተጀምሯል።

ማተሚያውን በተመለከተ ሁለት መንገድ አለ። አንድ ሺህ ኮፒ ባንዴ ማሳተም አለ፤ የአንዱ ዋጋ ይወርዳል፣ ጋራዡ ግን ይሞላል። ወይም በትዕዛዝ እየታተመ የሚላከው አለ። ለጀማሪ ሁለተኛውን እመክራለሁ። የኔ 320 ገጽ ነው፤ ከነማጓጓዣው ስድስት ዶላር ገደማ ይደርሰኛል።

ዋጋውን 20 ዶላር አደረግኩት፤ ታክሱን ጨምሮ። የኢንዲያና የሽያጭ ታክስ 7 በመቶ ነው። ከሃያው ላይ 18.69 የመጽሐፉ ዋጋ ነው፣ 1.31 የግዛቱ። ግፊያ ባለበት ቦታ ሳንቲም መቁጠር ሰው ያሸሻል። አንድ ባለ ሃያ ኖት ሰጥቶ መጽሐፉን ይዞ መሄድ አለበት። በካርድ ከከፈለ የካርድ ማንበቢያው ድርጅት ዘንድሮ፣ በ2024፣ 2.6 በመቶና 10 ሳንቲም ይወስዳል፤ ከሃያ ዶላር 62 ሳንቲም መሆኑ ነው። ሁሉም ሲቀናነስ ከአንድ መጽሐፍ 12 ዶላር ገደማ ይተርፋል። ከዚያች ላይ ነው የጠረጴዛው ኪራይ፣ ሆቴሉ፣ ፓርኪንጉና ምግቡ የሚወጣው።

ከሌላ ግዛት የሚመጣ ሻጭም ኢንዲያና ውስጥ በችርቻሮ ነጋዴነት መመዝገብ አለበት። ኦንላይን ይሞላል፣ ክፍያው 25 ዶላር ነው። ሞልቼ ጨረስኩ። ይህን የመሰለ ነገር ለመጨረሻ ሳምንት አይተውም።

ጁን

ካርቶኖቹ ደረሱ። ከአንዱ ካርቶን ውስጥ ያሉት ጥጋቸው ተጣጥፎ ነው የመጡት። ፎቶ አንስቼ ላክሁ፤ አታሚው ያለ ብዙ ክርክር ተተኪ ላከ። ካርቶን ሲደርስ የዚያኑ ቀን ከፍቶ ማየት ጥሩ ነው።

የእህቴ ልጅ ለማገዝ መጣች። ዲዛይን ነው የምትማረው፣ ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ ደግሞ ከሃይስኩል ጀምሮ ትጫወታለች። የምግብ ጠረጴዛችንን ባዶ አድርገን የኤግዚቢሽኑን ጠረጴዛ እሱ ላይ ሠራነው። መጽሐፍ ጠረጴዛ ላይ ከተጋደመ የሚታየው ለቆመበት ሰው ብቻ ነው። ስለዚህ በማቆሚያ ቀጥ አድርገን ሽፋኑን ወደ መንገደኛው አዞርነው። ባነሩን ከኋላዬ፣ ከራሴ በላይ ሰቀልነው። ሰው በሚጋፋበት ቦታ ከወገብ በታች ያለ ጽሑፍን ማንም አያየውም። የጠረጴዛ ልብሱ ነጭ ሸማ ነው፣ ጥለቱ ወደ ፊት የወረደ። እናቴ ናት የላከችልኝ።

ባነሩ ላይ ምን ይጻፍ? እዚህ ላይ ብዙ ተከራከርን። እኔ የመጽሐፉን ስምና የኔን ስም በትልቁ ፈለግኩ። እሷ አልተቀበለችም።

"ጋሼ፣ ስምህን ማንም አያውቀውም እኮ" አለች። "ታሪኩን ጻፈው። እንደ ጨዋታ መሪ አድርገህ ንገራቸው።"

ሦስት አጫጭር ዐረፍተ ነገር ላይ ተስማማን፦ "ንጉሡ ሞቷል። ቀጣዩ ንጉሥ ተራራ ላይ ታስሯል። ቁልፉ ያለው አንተ ጋ ነው።" ጨዋታ መሪዎች እንዲህ ነው የሚያወሩት። ተጫዋቹን "አንተ" ብለው መሀል ላይ ያስገቡታል።

ከዚያ ሌላ ነገር አነሳች። "እነዚህ ሰዎች መንካት ይወዳሉ። የሚነካ ነገር አስቀምጥ።"

ሌሊቱን ሳስበው አደርኩ። ጠዋት መልሱን አገኘሁት፦ ሰንጠረዥ። የአያቶቻችን ሰንጠረዥ።

የኛ ሰንጠረዥ ዛሬ ዓለም ከሚጫወተው ቼዝ ይለያል። ሰሌዳው ስምንት በስምንት ነው፣ ግን ጥቁርና ነጭ አይቀባም። ብዙ ጊዜ ቀይ ጨርቅ ላይ መስመር ተሠምሮበት ነው። ትልቁ ልዩነት ግን አጀማመሩ ላይ ነው። ተራ የለም። ሁለቱም ተጫዋቾች ባንድ ጊዜ፣ እንደ ፈጠነላቸው፣ ሠራዊታቸውን ያንቀሳቅሳሉ። ይህ ክፍል ወረራ ይባላል። አንዱ ከሌላው የመጀመሪያውን ጠጠር ሲበላ ወረራው ያበቃና በተራ መጫወት ይጀመራል። ዐፄ ልብነ ድንግል ከአንድ የቬኒስ ሰው ጋር ይጫወቱት እንደነበር ተጽፏል። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይም እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት ራስ ወልደ ሥላሴ ሰንጠረዥ ሲጫወቱ አይቶ መዝግቧል። በመጽሐፌ ውስጥ ሁለት እስረኛ መሳፍንት የሚጫወቱት ይህንኑ ነው። ስለዚህ ጠረጴዛው ላይ ለጌጥ አይቀመጥም፤ ከታሪኩ ውስጥ የወጣ ነው።

ቀይ ጨርቅ ገዛሁ፣ መስመሩን በጥቁር ክር አሰፋሁ። እንጨት የሚሠራ ጓደኛዬ ጠጠሮቹን ከዋንዛ ቢሆን ደስ ይለው ነበር፤ ኦሃዮ ውስጥ ዋንዛ ከየት ይመጣል? ከዋልነት ቀረጻቸው። አምረዋል።

ጁላይ

የሚያዝ ዕቃ፦ ባለ ጎማ ጋሪ፣ መቀስ፣ ፕላስተር፣ ለዝርዝር የሚሆን ባለ አምስትና ባለ አንድ ዶላር፣ የስልክ ባትሪ፣ ፊርማ የማይደበዝዝ እስክሪብቶ፣ የኢሜይል መመዝገቢያ ወረቀት፣ ዕልባት። ወለሉ ሲሚንቶ ነው ስላሉኝ ለእግር የሚሆን ወፍራም ምንጣፍ ጨመርኩ። ቆሎም አለ፣ ዳቦ ቆሎም አለ።

ረቡዕ፣ ጁላይ 31

ከኮለምበስ ኢንዲያናፖሊስ በአይ 70 አውራ ጎዳና የሦስት ሰዓት መንገድ ገደማ ነው። በጠዋት ወጣን። የስብሰባ ማዕከሉ በር ላይ ካርቶን የጫነ ሰው ሁሉ ተሰልፏል።

አዳራሹ ውስጥ ስንገባ የእህቴ ልጅ ዝም አለች። የምታውቀው ጨዋታ ሁሉ እዚያ የራሱን ቤት እየሠራ ነው። ከጣሪያ የተንጠለጠለ ዘንዶ አለ። የኛ ረድፍ ጸጥ ያለ ነው። በግራዬ ያለችው ሴትዮ የጠፈር ልብ ወለድ ትሸጣለች፣ በቀኜ ያለው ሽማግሌ የአስፈሪ ታሪክ ደራሲ ነው። ገና ስም ሳንለዋወጥ ሴትየዋ ባነሬን ይዛ አቆመችልኝ። እዚህ ሰው ሌላውን እንደ ባላንጣ አያየውም። አንዱ ሽንት ቤት ሲሄድ ሌላው ዕቃውን ይጠብቅለታል። ከኔ መጽሐፍ ጋር የማይሄድ ደንበኛ ሲመጣ ወደ ጎረቤቴ እልካለሁ፣ እሷም ወደ እኔ። ይህን ማንም አላስተማረንም፤ በመጀመሪያው ቀን ተለመደ።

ሐሙስ

በአሜሪካ ሰዓት አቆጣጠር ጠዋት 10 ላይ በሩ ተከፈተ። ሕዝቡ ጎረፈ። በፊታችን አለፈ።

ሐሙስ ጠዋት የደራሲ አይደለም። ሰው የሚሮጠው ወደሚያልቅ ነገር ነው። ዘንድሮ ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ 50 ዓመት ሞልቶታል፤ አዲሱ የተጫዋቾች መመሪያም ከይፋዊው ቀን ቀድሞ እዚህ ይሸጣል። ስለዚህ ሰልፉ ወደዚያ ነው። ጎረቤቴ ሽማግሌ ብዙ ዓመት የመጣ ሰው ነው። "ከምሳ በኋላ እግራቸው ይደክማል፣ ያኔ ይመጣሉ" አለኝ። እውነቱን ነው። ከሰዓት በኋላ እርምጃቸው ቀዘቀዘ። ዓይናቸውም መጽሐፍ ማየት ጀመረ።

ወንበሩን ከኋላ ገፍቼ ቆሜ ነው የዋልኩት። ተቀምጦ ስልክ የሚያይ ሻጭ ጋ ማንም አይቆምም። ደግሞም ሰው ሲቆም እኩል ዓይን ለዓይን መተያየት አለብን።

ዛሬ የሸጥኩት ጥቂት ነው። ግን ሰንጠረዡ ሥራውን ጀምሯል። ሰው መጀመሪያ የሚያየው ቀዩን ጨርቅ ነው፣ ቀጥሎ ባነሩን፣ መጨረሻ ላይ መጽሐፉን።

ዓርብ

ዛሬ ዋናው ነገር ገባኝ። ስለ መጽሐፌ ከመናገሬ በፊት አንድ ጥያቄ መጠየቅ አለብኝ፦ "ምን ትጫወታለህ?"

ይህን ስትጠይቀው ሰው ፊቱ ይበራል። ስለ ገጸ ባሕርዩ ያወራል። አንዷ መርዝ የምትቀምም መነኩሲት ናት። አንዱ አባቱን የሚፈልግ ወታደር ነው። አንድ ወጣት ለዓመታት የተጫወተው ጀግናው የሞተበትን ምሽት ሲነግረኝ ድምፁ ተቀየረ። ይህ ሰው ለፈጠራ ታሪክ ልቡን የሰጠ ሰው ነው። እኔም ደራሲ ነኝ፣ ይህን ስሜት አውቀዋለሁ። ሰምቼው ስጨርስ የትኛውን የመጽሐፌን ክፍል ልንገረው እንደሚገባ ራሱ ነግሮኛል። መርዝ ለምትቀምመዋ ስለ ቤተ መንግሥቱ ወጥ ቤት እነግራታለሁ። አባቱን ለሚፈልገው ስለ ታሰረው ልዑል።

ከሰዓት በኋላ ባልና ሚስት መጡ። እሱ ጺማም፣ ወገቡ ላይ የዳይስ ከረጢት ያንጠለጠለ። እሷ ሰንጠረዡን አይታ "ይሄ ምንድን ነው?" አለች። የወረራውን ሕግ በአጭሩ ነገርኳቸው።

"ባንድ ጊዜ? ሁለታችንም?"

"ሁለታችሁም። አንድ ጠጠር እስኪበላ ድረስ።"

ጀመሩ። እሱ ዝግ ብሎ ያስባል፣ እሷ በሁለት እጇ ታንቀሳቅሳለች። እጃቸው መሀል ላይ ተጋጨ። እሱ ፈረሱን ሊያወጣ ሲል እሷ ሦስት ወታደር አሳልፋበታለች። "ቆይ እንጂ!" ይላል፣ እሷ አትቆይም። የሚያልፈው ሰው ቆመ። አንዱ "ግራህን ጠብቅ" አለ፣ ሌላው "አትስማው" አለ። አንዲት ልጅ በአባቷ ትከሻ ላይ ሆና ትጮኻለች። የማይተዋወቅ ሰው ሁሉ መካሪ ሆነ። ሰንጠረዥ በአገራችን እንዲህ ነበር የሚታየው፣ ተመልካቹ ዝም የማይልበት።

ሚስቲቱ የመጀመሪያውን ጠጠር በላች። ሁሉም አጨበጨበ። ባልየው ቀና ብሎ ባነሩን አነበበና "ይህ ተራራ እውነት ነው?" አለኝ።

እውነት ነው አልኩት። ግሸን ላይ፣ በኋላም በጎንደር ዘመን ወህኒ አምባ ላይ፣ ለዙፋን የሚበቁ የንጉሥ ዘሮች ተዘግተው ይኖሩ ነበር። ዙሪያው ገደል ነው፣ መውጫውን ወታደር ይጠብቀዋል። ንጉሥ ሲሞት መኳንንቱ ከዚያ አንዱን አውርደው ያነግሡ ነበር። አንዳንዱ እዚያው አርጅቶ እዚያው ሞቷል።

ሰውየው ለአፍታ ዝም አለ። "ሃያ ዓመት ጨዋታ መርቻለሁ፣ እንዲህ ያለ ነገር ፈጥሬ አላውቅም" አለ። መጽሐፉን ገዛ። ሚስቱ የራሷን ለብቻ ገዛች፤ አንድ ኮፒ አንጋራም አለች።

ታሪካችን ለእነዚህ ሰዎች የሚያስደንቅ ሀብት ነው። እኛ በትምህርት ቤት ለፈተና የሸመደድነውን እነሱ አፋቸውን ከፍተው ይሰሙታል። ይህን ሀብት በጨዋታም በልብ ወለድም ይዘን መውጣት አለብን። ዛሬ ከልቤ ያመንኩት ይህንን ነው።

ቅዳሜ

ትልቁ ቀን። መተላለፊያው ላይ መላወስ አይቻልም። ክንፍ የለበሰ ሰው ሲዞር የጎረቤቴን መጻሕፍት ጠራርጎ ጣለ፤ ተባብረን አነሳን።

እኩለ ቀን ገደማ ከሕዝቡ መሀል አንድ ሰው ሸማውን አይቶ ቀጥ ብሎ መጣ።

"አበሻ ነህ አይደል?"

"ነኝ፣ ወንድሜ። ደህና ነህ?"

"እግዚአብሔር ይመስገን። ምን ትሠራለህ እዚህ?" አለና ሳቀ። ከጎኑ ሁለት ልጆች አሉ። ትልቋ አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ ያመጣችውም እሷ ናት። ሰውየው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጠየቀኝ፦ "ይሄ ጨዋታ... አጋንንት ምናምን አለበት ይላሉ። ከሃይማኖት ጋር አይጋጭም?"

ጥያቄውን በቀላሉ አላየሁትም። ብዙ ወላጅ ይህንን ይጨነቃል፤ መጨነቁም ለልጁ ስለሚያስብ ነው። ልጆቹ ታሪክ እየፈጠሩ፣ ሒሳብ እየሠሩ፣ ተራ እየጠበቁ እንደሚጫወቱ ነገርኩት። "ግን እኔን አትመን። አንድ ቀን ማታ አብረሃት ተቀመጥ፤ ምን እንደሚጫወቱ ራስህ ታየዋለህ" አልኩት። ልጅቷ በዚህ መሀል የመጀመሪያውን ገጽ ቆማ ጨርሳ ወደ ሁለተኛው ገልጣለች።

"ሴት አለችበት?" አለችኝ በእንግሊዝኛ።

"ቁልፉን የያዘችው እሷ ናት።"

በነጻ ልሰጣት ፈለግኩ። አባትየው እምቢ አለ። "የለፋህበትን ነው፣ እንዴት በነጻ?" ብሎ ሃያ ዶላሩን እጄ ላይ አስቀመጠ። ልጅቷ ስሟን በአማርኛ እንድጽፍላት ጠየቀች። ፊደል በፊደል ጻፍኩት። አባትየው ጣቱን እያስኬደ አስነበባት። ትንሹ ወንድሟ "የኔስ?" አለ፤ ለእሱ ዕልባት ላይ ጻፍኩለት።

እነሱ ከሄዱ በኋላ የእህቴ ልጅ "ጋሼ፣ ለዚች ልጅ ነበር እኮ የጻፍከው" አለችኝ።

እሑድ

በአሜሪካ ሰዓት አቆጣጠር ከሰዓት በኋላ 4 ላይ ይዘጋል። ቤተሰብ የሚበዛበት፣ ቀዝቀዝ ያለ ቀን ነው። የተረፈውን በግማሽ ዋጋ ሽጠው ያሉኝ ነበሩ፤ አላደረግኩትም። ሐሙስ ዕለት ሙሉ ዋጋ የከፈለ አንባቢ አለ። ከጎረቤቶቼ ጋር መጽሐፍ ተቀያየርን። ያ ሽማግሌ የኔን ከወሰደ በኋላ መግቢያውን አንብቦ ተመልሶ "የተራራውን ካርታ ለምን አላስገባህም?" አለኝ። ሌሎችም ይህንኑ ጠይቀውኛል። ለሚቀጥለው እትም ካርታ ይኖራል።

ኦገስት፣ ቤት

ሒሳቡን ዘጋሁ። ሽያጩ የጠረጴዛውን ኪራይና የማተሚያውን ወጪ ሸፍኗል። ሆቴሉ ከኪሴ ነው። ለመጀመሪያ ዓመት ጥሩ ነው እላለሁ። የኢንዲያናን ታክስ ወዲያው አስገባሁ፤ ያ ገንዘብ ሲጀመርም የኔ አይደለም።

የኢሜይል መመዝገቢያው ሁለት ገጽ ሞልቷል። ለሁሉም አመሰገንኩ፤ የሰንጠረዡን ሕግ በአንድ ገጽ አዘጋጅቼ አያያዝኩላቸው። ብዙ ሰው ጠይቆኝ ነበር። የዳይስ ከረጢት ያንጠለጠለው ሰውዬ መልሷል። የጨዋታ ቡድኑ ተራራውን እየወጣ ነው፤ ልዑሉን ማውረድ አለባቸው፣ ግን ልዑሉ መውረድ አይፈልግም። ይህን እኔም አላሰብኩትም ነበር። ፈቃዱን ጠይቄ ለሁለተኛው መጽሐፍ ማስታወሻዬ ላይ አሰፈርኩት።

ለሚመጣው ዓመት የሚሠራው ይኸው፦ የተራራው ካርታ፤ ሁለት ሰንጠረዥ፣ አንዱ ለመጫወቻ ሌላው ለሽያጭ፤ ባነሩ እንዳለ ይቆይ። የእህቴ ልጅ ካርታውን ለመሣል ተስማምታለች፤ ስለ ግሸን የመስቀል ቅርጽ አምባ ፎቶና ጽሑፍ እየሰበሰብኩ እልክላታለሁ። የጠረጴዛ ማመልከቻው ሲከፈት ማስገባት አለብኝ።